ለወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት፦ ክበባቱን ክፈቱልን

ጥር 2018 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤታችን የተቋረጡት የክበባት ሥራ፣ የማታ ጥናትና የወላጆች ቀን እንዲቀጥሉ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችንን የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ወክዬ ነው። መጀመሪያ በቃል ጠየቅን። ከዚያ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስገባን። መልስ አልመጣም። በመጨረሻው ስብሰባ "እንግዲያው በግልጽ እንጻፈው" ተባለ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ብዕሩን እኔ ያዝኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኅዳር ላይ ለርዕሰ መምህሩ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰ። ባለፈው ዓመት የ12ኛ ክፍል ውጤታችን ዝቅተኛ ስለነበር፣ ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን ሁሉ ትምህርት ላይ እንዲያደርጉ፣ ክበባት በሙሉ ሥራ እንዲያቆሙ ያዝዛል። ሚኒ ሚዲያው ይዘጋል። የማታ ጥናቱ ይቀራል። ሰኔ ላይ የሚደረገው የወላጆች ቀንም ዘንድሮ የለም። ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ኅብረቱን የጠየቀ የለም። መምህራኑንም የጠየቀ የለም። እኛ የሰማነው ልጆቻችን ቤት መጥተው ሲነግሩን ነው።

ውጤቱን አንክድም። ባለፈው ዓመት ካስፈተንናቸው ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ሁለት ናቸው። በፊተኛው ዓመት አንድም አልነበረም። ውጤት የወጣ ዕለት የነበረውን ዝምታ አልረሳውም። ልጆቹ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥተው፣ በአንድ ስልክ ተራ በተራ ቁጥራቸውን እያስገቡ ነበር የሚያዩት። አይቶ የወረደ ልጅ ማንንም ሳያናግር ወደ ቤቱ ይሄዳል። አንዷ እናት መንገድ ላይ ቆማ ልጇን ስትጠብቅ ነበር። ልጁ በሌላ በኩል ዞሮ ገባ። እንዲህ ያለውን ቀን የሚፈልግ ወላጅ የለም።

ግን ችግሩ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ቁጥር በየዓመቱ ይነገራል። በ2014 ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በቁጥር 29,909። በ2015 ወደ 3.2 በመቶ ወረደ፣ 27,267 ልጆች። በዚያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,328 ነበሩ። በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ያን ሁሉ ትምህርት ቤት የጣለው ክበብ ነው ያለ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኛ ጋ ሲደርስ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ክበብ መዝጋት ሆነ።

በእኛ ትምህርት ቤት ልጆቹን ወደ ኋላ የሚጎትታቸውን ነገር ልንገራችሁ።

የፊዚክስ መምህራችን ተዛውሮ ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። በቦታው የመጣ የለም። አሁን ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የምታስተምረው የባዮሎጂ መምህርቷ ናት። የራሷን ክፍለ ጊዜ ጨርሳ ነው ሌላ ሰሌዳ ፊት የምትቆመው። እሷን አመስግነን አንጨርሳትም፤ ግን ራሷም "ይሄ የኔ ትምህርት አይደለም፣ ልጆቹን እየበደልኳቸው እንዳይሆን እፈራለሁ" ብላ በስብሰባ ተናግራለች። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ከስድስቱ አንዱን ያለ መምህር ተምሮ ከ600 ውስጥ 300 ማምጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። መምህር እንዲመደብልን ሦስት ጊዜ ጽፈናል።

ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል አለን። በሩ ላይ ተጽፏል። ውስጡ ግን ውኃም መብራትም የለም። ዕቃዎቹ በካርቶን እንደታሸጉ ናቸው። አሲድና ቤዝን ልጆቻችን የሚያውቁት ከመጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም ለአራት አንድ ነው። "ሶፍት ኮፒውን በስልክ አንብቡ" ተባሉ። ስልክ ያለው ልጅ በየክፍሉ በጣት ይቆጠራል።

ኮምፒውተርም አለ። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ሲጀምር እኛ ጋ ትልቅ ድንጋጤ ነበር። ልጄ ማውስን መጀመሪያ ያወቀችው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተሥሎ ነው። መምህሩ ሠርቶ አሳያቸው፣ ደብተራቸው ላይ ገለበጡት። ያሉን ጥቂት ማሽኖች የሚሠሩት መብራት ሲኖር ነው፤ መብራት ደግሞ አንዳንዴ ሳምንት ሙሉ ይጠፋል።

ኅዳር የመጣው ደብዳቤ ከእነዚህ አንዱንም አያነሳም። የሚያነሳው ልጆቹ በራሳቸው አቅም ያቆሙትን ነገር ነው። ቅር ያሰኘን እሱ ነው።

ከማታ ጥናቱ ልጀምር፤ በጣም የጎዳን እሱ ስለሆነ።

ትምህርት ቤታችን የሚያስተናግደው የብዙ ቀበሌ ልጅ ነው። የቅርቡ በእግሩ ይመላለሳል። የሩቁ እዚሁ መንደር ውስጥ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ዓርብ ከሰዓት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። እስከ ረቡዕ እንጀራ አለ። ሐሙስ በቆሎና በበሶ ያልፋል። ከትምህርት ሲመለሱ ውኃ ይቀዳሉ፣ ማገዶ ይለቅማሉ፣ ወጥ ይሠራሉ። ሲመሽ የሚያነቡት በኩራዝ ነው። ኩራዙም ለአራት ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የሒሳብና ሳይንስ ክበብ ልጆች አንድ ሐሳብ አመጡ። ቤተ መጻሕፍቱ ማታ ባዶ ነው፤ ለምን እዚያ አናጠናም? አሉ። ወላጆች አዋጥተን የሶላር መብራት ገዛን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይከፈታል። የ12ኛ ክፍል ልጆች ለ9ኛ ክፍሎቹ ሒሳብ ያስረዳሉ። ሌላውን ሲያስረዱ እነሱም ይጠነክራሉ። መምህራኑ ተራ ገብተው ይቀመጣሉ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የጠየቀ የለም። የቀበሌ ሚሊሻ አንድ ሰው በር ላይ ያድራል። ሴቶቹን ልጆች በቡድን አድርገን እስከ ኪራይ ቤታቸው እናደርሳለን። እኔም ተራ አለኝ፤ የኔ ማክሰኞ ነው፣ ነበር ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት ግማሹን ያለፉት ሁለቱ ልጆች ሁለቱም የዚህ ጥናት ልጆች ናቸው። አንዷ ከሦስት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ነበረች። ስሟን ጠርቼ ሰው ፊት ላቆማት አልፈልግም። ግን ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል ኅብረቱ ዘንድ መጥታ የተናገረችውን ልጥቀስ፦ "እኔን ያሳለፈኝ ያ መብራት ነው።" በኅዳሩ ደብዳቤ መብራቱ ጠፋ። የተሰጠን ምክንያት "ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ የለም" የሚል ነው። ተጠያቂ ከተፈለገ እኛ ወላጆች ፈርመን እንወስዳለን ብለናል። እስከ ዛሬ ፈርሙ ያለን የለም። ልጆቹ አሁን ኩራዛቸው ጋ ተመልሰዋል።

የሴት ተማሪዎች ክበብ ሌላው ነው። ይህን ክበብ "ጊዜ ይወስዳል" ማለት እኔ የሴት ልጅ አባት ሆኜ ሊገባኝ አልቻለም። ክበቡ ከመኖሩ በፊት የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ሦስትም አራትም ቀን ትቀር ነበር። ምክንያቱን ለሆምሩም መምህሯ መንገር ስለምታፍር "አሞኝ ነው" ትላለች። ክበቡ አሮጌ የዕቃ ክፍል ጠርጎ ሞዴስ፣ ሳሙናና ባልዲ ውኃ አስቀመጠ። ቁልፉ በሁለት ልጆች እጅ ነው። ሌላ ምንም የለውም። ያቺ ትንሽ ክፍል ግን ብዙ ልጅ ክፍሏ እንድትውል አድርጋለች። አሁን ክበቡ ስለቆመ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ወንዶች የተቀመጡበት ቢሮ ገብታ ቁልፍ ስትጠይቅ ገምቱት። አትጠይቅም። ቤቷ ትቀራለች።

አንድ ሌላ ጉዳይ ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቤተሰቦቿ ሊድሯት ቀን እንደቆረጡ ለክበቡ ልጆች ነገረች። ከዚያ በፊት ለማንም አልተናገረችም ነበር። ልጆቹ ለመምህርቷ፣ መምህርቷ ለእኛ አደረሰች። የቤተሰብ ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻ እንደማይፈቅድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ሕግ ጠቅሶ ፖሊስ መጥራት የመጀመሪያ ምርጫችን አልነበረም። ሦስት ሽማግሌ ይዘን አባትየው ቤት ሄድን። አንድ ሌሊት ሙሉ ተነጋገርን። አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። "ተምራ ምን ታመጣለች? ያለፈ ሰው አላየሁም" ነበር ያለን። የምንመልሰው አልነበረንም። "ሰኔ የወላጆች ቀን አለ፣ ና እና ልጅህን እያት፤ እስከዚያ ታገሠን" አልነው። ታገሠ።

ሰኔ መጣ። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ወጥታ ስለ አፈር መሸርሸር የሠራችውን ጥናት አነበበች። የአባቷን ማሳ ስም ጠርታ፣ እርከኑ የፈረሰበትን ቦታ በሥዕል አሳይታ። አባትየው ከኋላ ቆሞ ነበር። አላጨበጨበም። ሲወጣ ግን እኔን በክንዴ ይዞ "ይሄን ማን ነገራት?" አለኝ። "ራሷ ለክታ ነው" አልኩት። ልጅቷ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። በዓመቱ መጨረሻ ትፈተናለች። ክበቡና የወላጆች ቀን ባይኖሩ ኖሮ የት ትሆን እንደነበር እናንተም ታውቁታላችሁ።

እዚህ ላይ የወላጆች ቀንን በደንብ ላስረዳ። ከጽሕፈት ቤቱ ሆነው ሲያዩት ዘፈንና ድራማ ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን በዓመት አንዴ ትምህርት ቤቱን የራሳችን የምናደርግበት ቀን ነው።

ከእኛ መካከል ማንበብ የማይችል ወላጅ ብዙ ነው። ልጁ ካርድ ይዞ ሲመጣ "ስንተኛ ወጣህ?" ብሎ ልጁን ራሱን ነው የሚጠይቀው። የወላጆች ቀን ሲሆን ግን ሆምሩም መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ በአፍ ይነግረዋል። ልጅህ ሒሳብ ጎበዝ ነው፣ እንግሊዝኛ ይቀረዋል፣ ሰኞ ሰኞ ግን ይቀራል። ወላጁ ያኔ ይደነግጣል። ሰኞ ገበያ ነው፤ ልጁን ከብት እንዲነዳ የሚልከው እሱ ነው። እዚያው "ከእንግዲህ አልልከውም" የሚል ቃል ሲወጣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ሁለቱን አዳዲስ መማሪያ ክፍሎች አስታውሱ። በሪፖርታችሁ ላይ "በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተሠሩ" ተብለው የተጻፉት ናቸው። እነዚያ ክፍሎች የተጀመሩት በወላጆች ቀን ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በግጥም መሐል "ዝናብ ሲመጣ ደብተሬን ሸሚዜ ውስጥ እከታለሁ" አለ። ዛፍ ሥር የሚማሩት እነሱ ነበሩ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ባሕር ዛፍ ከኔ" አሉ። ሌላው "ድንጋይ በደቦ እናወርዳለን" አለ። እናቶች ለሠራተኛው ምግብ ያዙ። በሁለት ወር ግድግዳው ቆመ። መንግሥት ቆርቆሮውን ሰጠ፤ ምስጋናችን አለ። ሰው ግን ድንጋይ የተሸከመው ከቢሮ በተላከ ወረቀት አይደለም። ልጁን መድረክ ላይ ስላየ ነው።

የፊዚክስ መምህር ጉዳይም መጀመሪያ የተነሣው እዚያው መድረክ ላይ ነው። አንዲት እናት ተነሥታ "ልጄ ፊዚክስ ደብተሯ ባዶ ነው፣ ለምን?" ብላ ጠየቀች። ከጽሕፈት ቤታችሁ የመጣው ተወካይ በሕዝብ ፊት ቃል ገባ። ይህን የማነሣው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ወላጅ ኃላፊን ፊት ለፊት የሚያገኝበት ሌላ ቀን ስለሌለ ነው።

የሳይንስ ክበቡን በሚመለከት አንድ ነገር ብቻ ላንሣ። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ከተጣለ ብስክሌትና ከፕላስቲክ ቱቦ ፔዳል እየተመታ ውኃ ከጉድጓድ የሚስብ ነገር ሠራ። የትምህርት ቤቱን ችግኝ የምናጠጣው በእሱ ነው። የወረዳው የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን ሲደረግ የጥሪ ደብዳቤው የደረሰን ኤግዚቢሽኑ ካለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ልጁ ያን ብስክሌት አጥቦ፣ ቱቦውን አዲስ ቀይሮ ሲጠብቅ ነበር። እኔ ነኝ የነገርኩት። "ችግር የለም ጋሼ፣ ለከርሞ" አለኝ። ለከርሞ ያለው ዓመት ዘንድሮ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ ክበቡ ተዘግቷል። ቱቦው ፀሐይ መትቶት እየተሰነጠቀ ነው።

ሚኒ ሚዲያውም በዕረፍት ሰዓት ሩብ ሰዓት የማይሞላ ዝግጅት ነው። ሁለት ቀን በእንግሊዝኛ ያቀርባሉ። ከክፍል ውጭ ልጆቻችን እንግሊዝኛ አፋቸውን የሚያሟሹበት ሌላ ቦታ የለም፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

እኔ ራሴ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ነው፤ ፕላዝማ በመጣ ሰሞን። ከተማው ትምህርት ቤት ሁለት ሰዓት በእግሬ እየሄድኩ ነበር የምማረው። አንድ ቀን መጥተው ክፍላችን ውስጥ ቴሌቪዥን ሰቀሉ። ከዚያ በኋላ መምህራችን ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ሆነ። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይሮጣል፤ ስንጽፍ ያልፈናል፣ ስንሰማ መጻፍ ያመልጠናል። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱም ይጠፋል። ለእኛ የታሰበ ነገር መሆኑን አልጠራጠርም። ግን እዚያ ክፍል የተቀመጥነውን ማንም አልጠየቀንም። የ10ኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤቴ ገባሁ። ይህን የምጽፈው በልጆቼ ላይ ሳይጠየቁ የሚወሰን ሌላ ውሳኔ ሲመጣ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ ትክክል የሆነበት ነገርም አለ፤ እሱን ደብቀን አንጽፍም። አምና ለአንድ በዓል የድራማ ልምምድ ሲደረግ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ የባከነባቸው ክፍሎች ነበሩ። ሁለት መምህራን ቅሬታ አቅርበዋል፤ ቅሬታቸው እውነት ነው። የስፖርት ውድድርም ሲመጣ ልጆች ያለ ፈቃድ ይወጡ ነበር። ይህን ኅብረቱ ራሱ ተነጋግሮ አስተካክሏል። ክበብ ከዓርብ ከሰዓት ውጭ አይሰበሰብም፣ የ12ኛ ክፍል ልጆች ከሚያዝያ ጀምሮ ከማታ ጥናቱ በቀር ከሌላው ሁሉ ይወጣሉ ብለን ቃለ ጉባኤ ይዘናል። ቃለ ጉባኤው ጽሕፈት ቤታችሁ ገብቷል። ያነበበው ሰው ቢኖር ኖሮ የኅዳሩ ደብዳቤ በዚያ መልክ አይጻፍም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ደግሞም ውጤት ስትሉ አንድ ነገር ብቻ አትቁጠሩ። በዓመቱ መጨረሻ ሽልማት ሲሰጥ የሚጠራው ባሳለፉት ልጆች ብዛት ነው። እኛ ተጠርተን አናውቅም። ግን ግማሹን ሳያመጣ ቀርቶ በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ገብቶ፣ ያንን አልፎ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የሆነ ልጅ አለን። ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ኤሌክትሪክ ተምሮ የተመለሰ አለ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሶላር ሲበላሽ መጥቶ በነፃ የሠራልን እሱ ነው። ወደ ትዳር ሳይሄዱ 12ኛ ክፍል የደረሱ ሴቶች አሉ። እነዚህም የትምህርት ቤቱ ፍሬ ናቸው። በየትኛውም የሪፖርት ቅጽ ላይ ቦታ አላገኘሁላቸውም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የማታ ጥናቱ ከሁሉ በፊት ይከፈት። ለፈተናው የቀረው ወራት ነው። የተጠያቂነቱን ሰነድ አዘጋጁልን፤ ወላጆች እንፈርማለን። ጥበቃውና ልጆቹን ማድረሱ እንደ ድሮው በእኛ ላይ ይሁን።

የሴት ተማሪዎች ክበብ ክፍል ቁልፍ ለልጆቹ ይመለስ። ይህ ስብሰባም በጀትም አይፈልግም። አንድ ስልክ ለርዕሰ መምህሩ መደወል ይበቃል።

ሌሎቹ ክበባትና ሚኒ ሚዲያው በቃለ ጉባኤያችን በተቀመጠው ሰዓት ይቀጥሉ። ክፍለ ጊዜ የነካ ክበብ ካለ ያን ክበብ እኛው እንዘጋዋለን፤ በየወሩም በጽሑፍ እናሳውቃችኋለን።

የወላጆች ቀን ሰኔ ላይ ይደረግ። የ12ኛ ክፍል ልጆች ዝግጅት ውስጥ አይገቡም። የሚያስፈልገውን ወጪ ወላጅ ይሸፍናል። ከእናንተ የምንፈልገው መጥቶ የሚቀመጥና ጥያቄ የሚመልስ ሰው ነው።

የፊዚክስ መምህር በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት መጀመሪያ ይመደብልን። ቋሚ ሰው ከሌለ ከጎረቤት ትምህርት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ ይሁን። ማደሪያና ምግብ ከእኛ ነው፤ አንዲት እናት ክፍል አዘጋጅታ ጠብቃለች።

ለኮምፒውተር ክፍሉ ደግሞ መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ነገር ካልተገኘ፣ የ12ኛ ክፍል ልጆች ከፈተናው በፊት ለጥቂት ቀናት እንኳ በከተማው ትምህርት ቤት ማሽን ላይ እንዲለማመዱ አመቻቹልን። ማውስ ጨብጠው እንዲያውቁ።

የዚህ ዓመት የፈጠራ ሥራዎች ኤግዚቢሽን የሚደረግበት ቀን ቁርጥ ሲሆን ለርዕሰ መምህሩ በስልክ ይነገረው። ደብዳቤው በኋላ ይድረስ።

ኅብረቱ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይሰበሰባል። መልሳችሁን በጽሑፍ ብትልኩልን እናነባለን። መጥታችሁ ብታነጋግሩን ግን ይበልጥ ደስ ይለናል። የምትመጡበትን ቀን ብቻ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ከሩቅ ቀበሌ ያሉትም ወላጆች ሌሊት ተነሥተው እንዲደርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣

የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ጸሐፊ
የ11ኛ ክፍል ተማሪ አባት

ግልባጭ፦
ለዞን ትምህርት መምሪያ
ለቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ
ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር
ለተማሪዎች መማክርት